ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የመጀመሪያ ሞተር፦ የትኛውን ልግዛ?

ሞተር ልገዛ ነው የሚል ሰው ሁሉ ጥያቄውን የሚጀምረው በሲሲ፣ ማለትም በሞተሩ የመጠን ቁጥር ነው። 150 ይሻላል 200? ቦክሰር ነው አፓቼ? እኔ ግን ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው። ቤትህ የት ነው? ሥራህስ? በቀን ስንቴ ዳገት ትወጣለህ? ከኋላ ሰው ትጭናለህ ወይስ ብቻህን ነህ?

እኛ ጋ ይሄ ጥያቄ ከሲሲው ይበልጣል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። በመሃል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን የሐረጎን ተራራ ይዞ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል፣ ሲመለሱ ደግሞ ያንኑ ይወጣል። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ያለ ዘመዳችሁ "ይሄን ግዙ፣ አሪፍ ነው" ቢላችሁ ለራሱ ከተማ ልክ ነው። የእነሱ ሜዳ ነው። ደሴ ላይ ዳቦ ለመግዛትም ዳገት አለ።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ለአብዛኛው ጀማሪ የምመክረው 125 ወይም 150 ሲሲ፣ ባለ አራት ምት (ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር የማያቃጥል)፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት ተራ የመንገድ ሞተር ነው። የፊት ፍሬኑ ዲስክ ይሁን። ሁለት እግራችሁ መሬት ይድረስ። የሰፈራችሁ መካኒክ ከዚህ በፊት ፈትቶ የገጠመው ዓይነት ይሁን። ይህ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ፣ እነሱንም አነሳለሁ። ግን አማራጮቹን ከማወዳደራችን በፊት ሁለት ነገር መግባባት አለብን፤ አንዱ ስለ ዳገቱ፣ ሌላው ስለ ቁልቁለቱ።

ዳገቱ ምን ያደርጋል

ሞተር የሚሠራው ቤንዚንን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በግምት በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ደሴ ላይ የቆመ ሞተር ወረቀቱ ላይ ከተጻፈለት ጉልበት ሩብ ያህሉ የለውም ማለት ነው። 8 የፈረስ ጉልበት የሚባለው 100 ሲሲ ሞተር ደሴ ሲገባ 6 ይሆናል። 12 የሚባለው 150 ሲሲ ደግሞ 9። ለዚህ ነው ሜዳ ላይ "100 ሲሲ ይበቃል" የሚለው ምክር እዚህ ሰው ሲጫን የማይሠራው። ብቻችሁን ከሆናችሁ ይወጣል። ከኋላ ሰው ወይም ጆንያ ካለ ግን ሁለተኛ ማርሽ ላይ እየጮኸ፣ ከኋላ መኪና እየተደረደረባችሁ ነው የምትወጡት።

ካርቡሬተር ያለው ሞተር ሌላም ጣጣ አለው። አየሩ ሲሳሳ የሚገባው ቤንዚን መጠን በራሱ አይስተካከልም፤ ስለዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ፍጆታው ይጨምራል። መካኒክ ለደሴ አየር ሊያስተካክልላችሁ ይችላል። ግን ለደሴ በደንብ ተቀንሶ የተስተካከለ ሞተር በባቲ በኩል ወደ ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰውና ይግላል። መንገዳችሁ ደሴና ኮምቦልቻ ብቻ ከሆነ መሃል ላይ ያለ ማስተካከያ ይበቃል። ወደ አፋር የምትወርዱ ከሆነ ለመካኒኩ አስቀድማችሁ ንገሩት። ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ የሚመጥነው፣ "ኢንጄክሽን" የሚባለው፣ ይህን በራሱ ያስተካክላል። ሲበላሽ ግን የሚያየው መካኒክ ጥቂት ነው። ለመጀመሪያ ሞተር እኔ ካርቡሬተሩን አልፈራም፤ ማንም ይፈታዋል።

አንድ ርካሽ ዘዴ ልጨምር። ሞተራችሁ ዳገት ከከበደው ወዲያው ትልቅ ሲሲ አትመኙ። ካቴናውን የሚያሽከረክረውን የፊቱን ትንሽ ጥርስ በአንድ ጥርስ ያነሰ አስቀይሩ። ከ14 ወደ 13 ሲወርድ ጎማው ላይ የሚደርሰው የመጎተት ኃይል 8 በመቶ ያህል ይጨምራል። የሚቀነሰው የላይኛው ፍጥነት ነው፣ እሱን ደግሞ ጀማሪ አይፈልገውም።

ቁልቁለቱን ማንም አይጠይቅም

ሰው ሁሉ "ዳገት ይወጣል?" ይላል። "ሲወርድ ይቆማል?" የሚል ግን አላጋጠመኝም። ጀማሪን የሚጎዳው ይሄኛው ነው። ዳገት ላይ ጉልበት ቢያንሳችሁ ትዘገያላችሁ፣ ሌላ ምንም አትሆኑም። ከሐረጎ ስትወርዱ ፍሬን ቢያንሳችሁ ፊት ለፊታችሁ ተሳቢ አለ።

ፍሬን የሚሠራው ፍጥነትን ወደ ሙቀት ቀይሮ ነው። ታምቡር ፍሬን ሸራው ተዘግቶ ውስጥ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣለትም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ ከተያዘ ይግላል፣ ከጋለ በኋላ ደግሞ ብትይዙትም አይይዝም። ዲስክ ፍሬን ውጭ ላይ ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብስበታል፤ ስለዚህ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። በተመሳሳይ ዋጋ አንዱ ባለ ታምቡር አንዱ የፊቱ ዲስክ ከሆነ፣ ያለ ማመንታት ዲስኩን። ትንሽ ቢወደድም ዲስኩን። የኋላው ታምቡር ቢሆን ችግር የለውም።

ሻጭ "ይሄ ኤቢኤስ አለው" ሊላችሁ ይችላል፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርግ ሲስተም ነው። ህንድ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞተሮች ኤቢኤስን፣ ከዚያ በታች ላሉት ደግሞ የፊትና የኋላውን ፍሬን አንድ ላይ የሚያሠራውን ሲስተም ግዴታ አድርጋለች። ያ ሕግ ግን ለራሷ መንገድ ነው። ለውጭ ገበያ የሚሠራው ያው ስም ያለው ሞተር ይህ ላይኖረው ይችላል። በስሙ አትመኑ። ኤቢኤስ ያለው ሞተር ጎማው ቸርኬ አጠገብ ጥርስ ጥርስ ያለው ቀለበት አለው፣ ቁልፉ ሲዞርም ዳሽቦርዱ ላይ "ኤቢኤስ" የሚል መብራት ይበራል። ክረምት ላይ እርጥብ ኮብልስቶን ለሚወርድ ሰው በእውነት የሚጠቅም ነገር ነው፣ ካገኛችሁት ተጨማሪ ቢከፈልበት አይቆጭም።

ሁለተኛው ፍሬን ሞተሩ ራሱ ነው። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ ይባላል፣ እውነት ነው። ሦስተኛ ላይ ከወጣችሁ ሦስተኛ ላይ ውረዱ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በኖርማል፣ ማርሽ ሳያስገባ፣ የሚወርድ ሰው አያለሁ። ይህን በጭራሽ አታድርጉ፤ የሚቆጠበው ነዳጅ ጠብታ ነው፣ ፍሬናችሁ ግን ብቻውን ይቀራል። ባለ አራት ምት ሞተር ማርሽ ላይ ሆኖ በደንብ ይይዛል። ባለ ሁለት ምት ትንሽ ነው የሚይዘው። ማርሽ የሌለው ስኩተርም እንዲሁ ብዙ አይዝም። ይህ ልዩነት የሐረጎን መንገድ ለሚመላለስ ሰው ከመልክም ከሲሲም በላይ ነው።

እንግዲህ አማራጮቹ

ባለ 100 ሲሲዎቹ ቀላል ናቸው። ቦክሰር 100ን የመሰሉ። ክብደታቸው ትንሽ ነው፣ ነዳጅ አይበሉም፣ ሲወድቁም ብዙ አይሰበሩም። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚንቀሳቀስ፣ ከቤቱ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ወደ ሱቁ ለሚመላለስ፣ ሰው ለማይጭን ሰው ይበቃሉ። ከተማው በአብዛኛው ሜዳማ ስለሆነ ለመማርም ይመቻሉ። በወር አንዴ ብቻ ደሴ ለሚወጣ ሰውም ክፉ አይደሉም፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ደሴ ለሚኖር ግን ስድስት ወር ሳይሞላ ሽጦ ትልቅ መፈለጉ አይቀርም፤ ስለዚህ መጀመሪያውኑ ወደሚቀጥለው እንሂድ።

125 እና 150። ይሄ የኔ ምርጫ ነው። ቦክሰር 150፣ ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስ 125 ወይም 150፣ ያማሃ ዋይቢአር 125 እዚህ ምድብ ውስጥ ናቸው። ብቻችሁን ከሆናችሁ 125፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ከሆናችሁ 150። በ100 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው የሚበሉት፤ ደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ከ1 ሊትር ብዙም አይዘልም። ቤንዚን ጠፍቶ ሰልፍ በሚሆንበት ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም። ኮርቻቸው ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው እግሩ ይደርሳል። መሪያቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ቀጥ ብላችሁ ሩቅ ታያላችሁ። አያምሩም የሚል አለ። ለኔ ሠርቶ የሚገባ ሞተር ያምራል።

የቻይና 150 እና 200 ሲሲዎች አሉ፤ ስማቸው ብዙ ነው፣ አንዱ ከአንዱ በጣም ይለያያል። ዋጋቸው ይቀንሳል፣ መለዋወጫቸውም ርካሽ ነው። የምጠነቀቅበት ነገር ቡሎን ነው። አዲሱን ገዝታችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ቡሎን አስጠብቁ፣ በተለይ የጎማውን፣ የመሪውንና የማርሚታውን። ኮብልስቶን እያንቀጠቀጠ ይፈታቸዋል። ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ የዚያን ሞተር የፍሪሲዮን ሽቦና የፍሬን ሸራ ስጡኝ በሉ። ሻጩ አውጥቶ ካስቀመጠላችሁ ጥሩ ነው። "እናስመጣለን" ካለ ሌላ ሞተር እዩ።

አፓቼና መሰሎቹ፣ የስፖርት ሞተሮቹ። ወጣቱ ሁሉ ልቡ እዚያ ነው፣ አልፈርድም። 160ው ከ15፣ 180ው ከ17 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ናቸው። ደሴ ላይም ጉልበት አያንሳቸውም፣ ፍሬናቸውም ጥሩ ነው። ታዲያ ምን ከለከለ? የእጅ ነገር ነው። ጀማሪ እጁ ገና አልሠለጠነም፤ ጉድጓድ ሲያነጥረው ሳያውቅ ነዳጁን ይስባል። ቦክሰር ላይ ይህ ትንሽ መንቀጥቀጥ ነው፣ አፓቼ ላይ ወደ ፊት መወርወር ነው። ሌላው፣ ጀማሪ ይወድቃል፤ ቆሞም ይወድቃል። ፕላስቲኩ፣ ፍሬቻው፣ ጌጡ ሁሉ ገንዘብ ነው። አንድ ዓመት በተራ ሞተር ነድታችሁ ሽጡና ግዙት። ያን ጊዜ እናንተ ትነዱታላችሁ እንጂ እሱ አይነዳችሁም።

የገጠር መንገድ ሞተር፣ ረጅሙና ባለ ሻካራ ጎማው፣ ለተወሰነ ሰው ብቻ ነው። ከአስፋልት ወጥቶ ገጠር ቀበሌ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ፣ የጤና ባለሙያ፣ መምህር ከሆናችሁ ሌላውን ሁሉ እርሱት፣ ይሄን ግዙ። አሞርዛተሩ ረጅም ነው፣ ሆዱ ድንጋይ አይነካም፣ ሽቦ ያለው ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ አይሰነጠቅም። የግብርና ቢሮዎች ያማሃ ኤጂ 100ን ለብዙ ዓመት የተጠቀሙበት ያለ ነገር አይደለም፤ ካቴናው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አለው፣ ግራና ቀኝ ማቆሚያ ስላለው ዘንበል ያለ መሬት ላይም ይቆማል። ግን ባለ ሁለት ምት ነው። ለብቻው የሚሞላ ዘይት አለው፤ ያ ዘይት ካለቀ ሞተሩ ይነክሳል። ቁልቁለት ላይም ቅድም እንዳልኩት ራሱ ብዙ አይዝም፣ ፍሬን ላይ ትደገፋላችሁ። እንደ ዲቲ 125 እና ኤክስኤል 125 ያሉት ደግሞ ኮርቻቸው 85 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ቁመታችሁ አጠር ካለ ደሴ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት መከራ ነው። ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ለመልኩ ብሎ ይህን መግዛት አይገባኝም።

ማርሽ የሌለው ስኩተር ለኮምቦልቻ ከተማ ይሆናል። ቀሚስ ለምትለብስ ሴት መወጣጫውም አቀማመጡም ይመቻል፣ ፍሪሲዮን ስለሌለውም ቶሎ ይለመዳል። ጎማው ትንሽ ስለሆነ ጉድጓድ ላይ ያንገላታል። ለሐረጎ ግን አልመክርም። ምክንያቱን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ኤሌክትሪኩስ?

ይህን ረዘም አድርጌ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቤንዚን ሰልፍ ሰልችቶት ወደዚያ እያየ ነው፣ እውነቱንም ነው። ሻጩ "በአንድ ቻርጅ 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል" ሲል ሜዳ ላይ፣ አንድ ሰው ጭኖ፣ ቀስ ብሎ ነው። እኛ ጋ እንዲህ አስቡት። ሞተሩ 100 ኪሎ፣ ሁለት ሰው 130 ኪሎ፣ ድምሩ 230 ኪሎ ነው። ይህን ክብደት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ 650 ሜትር ከፍ ማድረግ ብቻውን 0.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። የሚባክነው ሲታሰብ 0.5። ባለ 72 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 1.44 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንድ ሦስተኛው ለከፍታው ብቻ ሄደ ማለት ነው። 25ቱን ኪሎ ሜትር መንከባለሉ ደግሞ ከ0.6 እስከ 0.7 ይወስዳል። ደሴ ስትደርሱ ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ባለ 60 ቮልቱ 1.2 ብቻ ስለሆነ ጢጣ ወይም ፒያሳ ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል፤ ባትሪው ካረጀ ደግሞ የበለጠ ይብሳል።

ዋቱንም እዩ። ሁለት ሰው ይዞ ዳገት ለመውጣት 1,000 ዋት የሚባለው አይበቃም፣ ይግላል፣ ከመቃጠል የሚጠብቀው ሲስተም ያጠፋዋል። ከ2,000 እስከ 3,000 ዋት የሆነውን ፈልጉ። ስለዚህ ፍርዴ እንዲህ ነው፤ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሆነ ሰው ኤሌክትሪክ ዛሬ በጣም ጥሩ ምርጫ ነው፤ ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ሰልፍ የለ። ደሴ ከተማ ውስጥ ብቻም ጥሩ ዋት ካለው ይሆናል። ሁለቱን ከተማ በየቀኑ ለሚመላለስ ግን ትልቅ የሊቲየም ባትሪ ካልሆነ አይሆንም። ቻርጅ የምታደርጉት መብራት ሲኖር መሆኑን ደግሞ አትርሱ፤ ማታ ጠፍቶ ካደረ ጠዋት በእግር ነው።

ነጠላና ሽርጥ

ይህን ማንም ሲገዛ አያስበውም፣ እኔ ግን የማያልፍ ነገር አድርጌ ነው የማየው። እኛ ጋ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ነጠላ ለብሷል፣ ሽርጥ አሸርጧል፣ ሒጃብ አድርጋለች፣ ጋቢ ደርቧል። ያ ጨርቅ ጎማው ወይም ካቴናው ውስጥ ከገባ ሰውየውን ከኋላ ጎትቶ ይጥለዋል፣ አንገት ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው። ብዙ የህንድ ሞተሮች ለዚህ መፍትሔ አላቸው፤ የእነሱ ሴቶች ሳሪ ስለሚለብሱ በግራ በኩል ከኋላ ጎማው አጠገብ የብረት መከላከያ ይሠሩለታል፣ ካቴናቸውም በደንብ የተሸፈነ ነው። ለውጭ ገበያ በሚላከው ላይ የሌለበትም አለ። እናታችሁን ወይም ባለቤታችሁን የምትጭኑ ከሆነ ይህ ያለውን ግዙ። ከሌለው ብየዳ ቤት ወስዳችሁ አሠሩ፣ ውድ አይደለም። ስፖርቱም የገጠሩም ሞተር በአብዛኛው ይህ የላቸውም።

አዲስ ወይስ ያገለገለ

ገንዘቡ ካላችሁ እንኳ ለመጀመሪያ ሞተር ንጹሕ ያገለገለ 125 እመርጣለሁ። መውደቃችሁ አይቀርም፣ አዲስ ላይ ከመውደቅ አሮጌ ላይ መውደቅ ይሻላል፤ የተረፈውን ለሄልሜትና ለጓንት ታውሉታላችሁ። ችግሩ ንጹሑን ማግኘት ነው። ደላላው ስለ ቀለሙ ሲያወራ እናንተ ሌላ ነገር እዩ።

ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይቆይ በሉ። እንደምትመጡ አውቆ አሙቆ የጠበቀ ሻጭ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ቀዝቅዞ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት እየበላ ነው፣ ተዉት። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ እሱ ደሴ ላይ ተራ ነገር ነው፣ ይስተካከላል። የፊት አሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ዘይት ካለ ዘይቱን የሚይዘው ጎማ አልቋል። መሪውን ግራ ቀኝ ስታዞሩ መሃል ላይ ቀጭ የሚል ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። የፍሬን መያዣው ጫፍ የታጠፈ፣ የእግር መርገጫው የተፋቀ ከሆነ ወድቆ ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ከፊት ቆማችሁ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን እዩ። ከዚያ ሜዳ ላይ ሳይሆን ዳገት ላይ ፈትሹት። ሰው ጭናችሁ ዳገት መሃል ቁሙና ተነሱ። ሞተሩ እየጮኸ ወደ ፊት የማይሄድ ከሆነ የፍሪሲዮን ሸራው አልቋል። መንዳት ገና ካልቻላችሁ መካኒካችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሻጩን መካኒክ ሳይሆን የራሳችሁን።

አዲሱንም አሮጌውንም ከመክፈላችሁ በፊት ተቀመጡበት። ሁለት እግራችሁ ቢያንስ በግማሽ ጫማ መሬት ይንካ። ወርዳችሁ ደግሞ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ግፉት። ደሴ ላይ ግቢያችሁ ውስጥ ይህን በየቀኑ ትሠሩታላችሁ፤ መግፋት ያቃታችሁን ሞተር አትግዙ።

ስለ ሄልሜት አንድ አንቀጽ

ሄልሜት ለሚነዳውም ለሚጫነውም በሕግ ግዴታ ነው፤ ግን ለትራፊክ ብላችሁ አታድርጉት። ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። አገጭ ድረስ የሚሸፍነውን ግዙ። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ መስታወቱ በእንፋሎት ስለሚሸፈን ከፈት የሚል መስታወት ያለው ይሁን። ከኋላው "ዲኦቲ" የሚል ወይም ማሰሪያው ላይ የ"ኢሲኢ" የደኅንነት ደረጃ ምልክት እዩ፤ ልባስ ብቻ የሆነ ቀላል ፕላስቲክ ለሥራ ቦታ ባርኔጣ እንጂ ለሞተር አይሆንም። ሁለት ግዙ። ለሚጫነው ሰው ሄልሜት ከሌላችሁ ሰው አትጫኑ።

ከዚያ በኋላ ወዲያው ሐረጎን አትሞክሩ። ኮምቦልቻ ላይ ከሆናችሁ እሑድ ጠዋት ከተማው ባዶ ሲሆን፣ ደሴ ላይ ከሆናችሁ ቦሩ ሜዳ በኩል ሜዳው ላይ ተለማመዱ። ዳገት ላይ መነሳትን፣ የኋላ ፍሬን በእግር ይዞ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ መልቀቅን፣ እጃችሁ ሳታስቡት እስኪሠራው ድረስ። ሐረጎን መጀመሪያ ስትወርዱ በቀን ይሁን፣ ደረቅ ይሁን፣ ብቻችሁን ሁኑ። ከጭነት መኪና ኋላ ስትሆኑ ራቁ፤ ጥቁሩ ጭስና ጉሙ ተደርቦ ምንም አያሳይም።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አንብቡ፤ የተፋቀ ከሆነ ጥላችሁ ሂዱ። ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ዕዳም እገዳም እንደሌለበት አረጋግጡ። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው፣ ቦሎውም ጊዜው ያላለፈ ይሁን። ስለ ሞተር እንቅስቃሴ ሰዓት ገደብ ካለ እዚያው ጠይቁ። መንጃ ፈቃዱ የሞተርሳይክል መሆን አለበት፤ የመኪና መንጃ ፈቃድ አለኝ ብላችሁ ሞተር ላይ አትውጡ። ቀብድ ከሰጣችሁ በጽሑፍ ይሁን፣ ስሙ ወደ እናንተ ሳይዛወር ደግሞ ሙሉውን ገንዘብ አትክፈሉ።